የቢዝነስ ተማሪዎች የትምህርት ድጋፍ በጎንደር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚከተሉት ጥያቄዎች የቢዝነስ ትምህርት ከሚከታተሉ ተማሪዎች፣ ከወላጆቻቸውና ተማሪ መርዳት ከሚያስቡ ሰዎች በተደጋጋሚ የሚነሡ ናቸው።

በለጋሾች ገንዘብ የሚሰጥ የትምህርት ድጋፍ ምንድን ነው? ከብድር በምን ይለያል?

አንድ ግለሰብ፣ ቤተሰብ፣ ድርጅት ወይም ማኅበር ለተማሪ ትምህርት ብሎ የሚሰጠው፣ ተመልሶ የማይከፈል ገንዘብ ነው። ተማሪው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ዕዳ አይጠብቀውም፤ ወለድም የለበትም። የሚጠበቅበት ትምህርቱን መቀጠል፣ ውጤቱን በየሴሚስተሩ ማሳየትና ገንዘቡን ለታሰበለት ነገር ማዋል ነው። ወደ ውጭ አገር የሚያስኬደው ስኮላርሺፕ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ የሚነሣው እዚሁ ጎንደር ውስጥ አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ኢኮኖሚክስ ወይም ማርኬቲንግ ጀምሮ መጨረስ ስላቃተው ተማሪ ነው።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በነፃ የሚያስተምር ከሆነ ድጋፉ ለምን ያስፈልጋል?

ነፃ የሚባለው ትምህርት ክፍያው ለኋላ የተላለፈ ትምህርት ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የሚማር ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ በዚህም መሠረት የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ከተመረቀ በኋላ ከገቢው ላይ ይከፍላል። ስለዚህ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ልጅ በትምህርት ላይ እስካለ ድረስ ካፌው ይመግበዋል፣ ዶርሙ ያሳድረዋል፣ ክፍያ ጎደለብህ ተብሎም ከክፍል አይወጣም።

ችግሩ የሚጀምረው ካፌውና ዶርሙ ከማይደርሱበት ቦታ ላይ ነው። የሳሙና፣ የልብስ፣ የፎቶኮፒ፣ የሞባይል ዳታ፣ የመድኃኒትና የመመላለሻ ወጪ ሁሉ ከተማሪው ኪስ ይጠበቃል። ምደባው አገር አቀፍ በመሆኑ የደባርቅ ልጅ ጅማ፣ የጅማ ልጅ ጎንደር ሊደርሰው ይችላል፤ መንገድ በጸጥታ ምክንያት በተዘጋ ወይም ትራንስፖርት በተወደደ ቁጥር የመመለሻ ሒሳቡ ከታሰበው በላይ ይሆናል። ከቤት የሚላክለት ገንዘብ የሌለው ተማሪ እነዚህን ጥቃቅን ወጪዎች የሚሸፍነው ከጓደኛ እየተበደረ ነው፤ ብድሩም በየሴሚስተሩ እየተጠራቀመ ይሄዳል።

በግል ኮሌጅ፣ በማታና በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር የሚማሩት ሁኔታ ከዚህ ይለያል። እነርሱ ክፍያቸውን የሚከፍሉት አሁን ነው፤ የክፍያ ደረሰኝ ያላሳየ ተማሪ ለፈተና የማይቀመጥበት ኮሌጅም ጥቂት አይደለም። ቀን ሱቅ እየጠበቀች ማታ አካውንቲንግ የምትማር ልጅ አንድ ወር ደመወዟ ቢዘገይባት የሚያመልጣት የአንድ ሴሚስተር ፈተና ነው።

የቢዝነስ ተማሪ ከሌላው የተለየ ምን ወጪ አለበት?

ከውጭ ለሚያይ ሰው የቢዝነስ ትምህርት ርካሽ ይመስላል፤ ላቦራቶሪ የለው፣ ኬሚካል የለው። ነገር ግን በአካውንቲንግ የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ የፒችትሪ (የሒሳብ መመዝገቢያ ሶፍትዌር) እና የኤክሴል ችሎታ በተደጋጋሚ ይጠየቃል፤ ሁለቱንም በቃል ብቻ ማጥናት አይቻልም። የራሱ ላፕቶፕ የሌለው ተማሪ የኮምፒውተር ክፍል ተራ ይጠብቃል ወይም በሰዓት እየከፈለ ይለማመዳል፤ ለተጨማሪ ሥልጠናም ፒያሳ አካባቢ ካሉት ማሠልጠኛዎች ወደ አንዱ ሄዶ ከኪሱ ይከፍላል።

ወጪው የሚከብደው ደግሞ ወደ መጨረሻው ነው። ዲፓርትመንቱ የተግባር ልምምድ ካለው ተማሪው ባንክ፣ ገቢዎች ወይም አንድ ድርጅት ውስጥ ለሳምንታት ሲመላለስ የታክሲና የምሳ ይፈልጋል፤ ለቢሮ የሚሆን ልብስና ጫማም አለ። የመመረቂያ ጽሑፉ መጠይቅ ማባዛት፣ ከነጋዴዎች መረጃ ለመሰብሰብ ከቅዳሜ ገበያ እስከ አዘዞ መዞር፣ ማስተየብና ማስጠረዝ ይጠይቃል። ከዚያ የመውጫ ፈተናው ዝግጅት ይከተላል። የምረቃው ቀን ሱፍና የፎቶ ወጪ ግን ከዚህ ሒሳብ ውጭ ቢሆን ይሻላል፤ በምረቃ ሰሞን ሱፍ ለመግዛት የሚሽቀዳደም ዘመድ ያንኑ ገንዘብ ጥር ላይ ለመጠይቅ ማባዣ ቢሰጥ ተማሪውን የበለጠ በጠቀመ ነበር።

ጎንደር ውስጥ ድጋፍ ከየት ይገኛል?

በስፋቱ የሚታወቀው የማስተርካርድ ፋውንዴሽን የስኮላርስ ፕሮግራም ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የያዘው ይህ ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን የአሥር ዓመት ዕድሜና 24.2 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በጀት ነበረው፤ ትኩረቱም በተለይ አካል ጉዳተኛ የሆኑና ከችግረኛ ቤተሰብ የመጡ ወጣቶች ላይ ነው። ትልቅ ፕሮግራም በመሆኑ የማመልከቻ ጊዜው፣ መስፈርቱና ቅጹ የተወሰነ ነው፤ ጥሪ ሲወጣ በዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ ይገለጻል።

ከዚያ ውጭ ያለው ድጋፍ በብዛት አነስተኛና የተበታተነ ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ የአንድ ወረዳ ወይም የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ተሰባስበው ሁለት ሦስት ተማሪ ይይዛሉ፤ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች የሚያስተባብሩት መዋጮ አለ፤ ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው ልጆች የሚሰጡት አለ፤ የግል ኮሌጆችም ለተወሰኑ ተማሪዎች ክፍያ ይቀንሳሉ ወይም ይተዋሉ። እነዚህ ድጋፎች እምብዛም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አይለጠፉም። ተማሪው የሚደርስባቸው በተማሪዎች አገልግሎት ዲን ቢሮ፣ በዲፓርትመንት ኃላፊው፣ በተማሪዎች ኅብረትና በሰፈር ሽማግሌዎች በኩል በመሆኑ ችግሩን በልቡ ይዞ የሚቀመጥ ልጅ ሳያገኛቸው ይመረቃል፤ ወይም ሳይመረቅ ይቀራል።

ጎንደር የቤተ ክርስቲያኑን የአቋቋም (የዝማሬ ትምህርት) ተማሪ ከበዓታ ቤተ ክርስቲያን ጀምሮ በየደጁ ቁራሽ እየሰጠ ሲያስተምር የኖረ ከተማ ስለሆነ ተማሪ መርዳት ለሕዝቡ እንግዳ ነገር አይደለም። ለዘመናዊው ተማሪ የጎደለው የሚሰጠውን ሰው ከሚቸገረው ልጅ ጋር የሚያገናኝ ሁነኛ መንገድ ነው።

ለማመልከት ገንዘብ ክፈሉ የሚሉ ሰዎች አሉ። እውነት ነው?

አይደለም። እውነተኛ ድጋፍ ለመመዝገቢያ፣ ለቅጽ ወይም “ፋይል ለማንቀሳቀስ” ገንዘብ አያስከፍልም። በቴሌግራም የፋይዳ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ ምስጢር ቁጥር ወይም የቴሌብር ማረጋገጫ ኮድ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመ መልስ ሳይሰጡ ጉዳዩን ለተማሪዎች አገልግሎት ቢሮ መናገር ይገባል።

የሚመረጠው ጎበዙ ነው ወይስ ችግረኛው?

ይህ በለጋሹ ፈቃድ የሚወሰን ነው። አንዳንዱ ከፍተኛ ውጤት ያመጣ ተማሪ ብቻ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ችግርን ያስቀድማል፤ አብዛኛው ሁለቱንም ደባልቆ ዝቅተኛ የውጤት ወሰን አስቀምጦ ከዚያ በላይ ካሉት ውስጥ ይበልጥ የተቸገረውን ይመርጣል። ሦስተኛው አካሄድ ሚዛናዊ ነው፤ ወሰኑ በጣም ከፍ ሲል ግን ዓላማውን ይስታል። ነጥቡ 3.8 የሆነ ተማሪ ቢደገፍም ባይደገፍም የመመረቅ ዕድሉ ሰፊ ነው። 2.4 ይዞ ማታ ማታ ዕቃ ሲያወርድ የሚያድረው ልጅ ግን በድጋፉ መኖርና አለመኖር መካከል የሚወድቅ ተማሪ ነው።

በአሜሪካዋ ኔብራስካ ግዛት በአንድ የግል በጎ አድራጎት ድርጅት የሚሰጥ ድጋፍ በዕጣ ተከፋፍሎ በተጠና ጊዜም የታየው ይኸው ነው፤ አብዛኛው ገንዘብ የሄደው ያለ ድጋፉም ሊጨርሱ ይችሉ ለነበሩ ተማሪዎች ሲሆን፣ ትልቁ ለውጥ የታየው ግን የመጨረስ ዕድላቸው አነስተኛ ነው ተብሎ በሚገመቱት ላይ ነበር። ለጋሽ ጎበዝ ተማሪ መምረጡ አያስወቅሰውም፤ “እኔ የረዳኋቸው በሙሉ ተመረቁ” ሲል ግን ከመጀመሪያው የተመረጡት እነማን እንደነበሩ መጠየቅ አግባብ ነው።

ወላጆቼ ገበሬዎች ናቸው፤ ደመወዝ የላቸውም። የገቢ ማስረጃ ከየት አመጣለሁ?

ከቀበሌ የሚጻፍ ደብዳቤ የተለመደው ማስረጃ ነው፤ ሆኖም ቀበሌው ለጠየቀው ሁሉ ተመሳሳይ ደብዳቤ ስለሚጽፍ መራጮች ብዙም አያምኑትም። ከደብዳቤው ጋር ሌላ ማስረጃ ማያያዝ ይጠቅማል። ቤተሰቡ በሴፍቲኔት ተጠቃሚነት ከተመዘገበ፣ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ መክፈል ስለማይችል በነፃ የተያዘ ከሆነ፣ ወይም የመሬት ይዞታ ደብተሩ ይዞታው ጠባብ መሆኑን የሚያሳይ ከሆነ እነዚህ ከአንድ ሊቀ መንበር ፊርማ የበለጠ ይናገራሉ። ወላጅ የሞተበት ወይም ከቀዬው የተፈናቀለ ተማሪ ያንን የሚገልጽ ወረቀት ማቅረብ አለበት።

ወረቀት የሌለው ተማሪም ተስፋ አይቁረጥ። በቤቱ ስንት ሰው እንዳለ፣ ማን ምን እየሠራ እንደሚያስገባ፣ ከዚያ ቤት ሌላ የሚማር ልጅ መኖር አለመኖሩን በአንድ ገጽ በግልጽ መጻፍ ይችላል። ማጋነን ግን ይጎዳል፤ አንዱ ነገር ሐሰት ሆኖ ከተገኘ የቀረውም አይታመንም።

ገንዘቡ በእጅ ይሰጣል ወይስ ለኮሌጁ ይከፈላል?

የግል ኮሌጅ ክፍያ ከሆነ በቀጥታ ለኮሌጁ ሒሳብ ገብቶ ደረሰኙ ለተማሪው ቢሰጥ ለሁሉም ይቀላል። የኪስ ወጪ ግን በተማሪው ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ወይም በቴሌብር በየወሩ መግባት አለበት። “በእጁ ከገባ ያጠፋዋል” የሚል ሥጋት በተደጋጋሚ ይነሣል፤ የሒሳብ አያያዝ የሚማር የሃያ ዓመት ሰው በወር የሚሰጠውን ጥቂት ብር ማስተዳደር አይችልም ብሎ መነሣት ግን አይገባም።

ከመጠኑ ይልቅ የሚያሳስበው ቀኑ ነው። በየወሩ ቀኑን ጠብቆ የሚገባ 1,500 ብር፣ መቼ እንደሚመጣ ከማይታወቅ 3,000 ብር ይሻላል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያውን የሚያገኝ ተማሪ የወሩን ወጪ አስቦ ያድራል፣ ሁለተኛውን የሚጠብቅ ግን እስኪመጣ ይበደራል፣ ሲመጣም ለአበዳሪዎቹ ያከፋፍለዋል። ገንዘቡ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከሚጀምር ይልቅ ከምዝገባው ሳምንት በፊት ቢደርስም ተመራጭ ነው።

ድጋፍ ማግኘት እውነት ተማሪን ያስመርቃል? ማስረጃ አለ?

በዕጣ ተመርጠው በተሰጡ ድጋፎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ስላሉ መልሱን በግምት መስጠት አያስፈልግም። በአሜሪካዋ ዊስኮንሲን በአንድ ባልና ሚስት ስጦታ በተቋቋመ ፈንድ አማካይነት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዓመት 3,500 ዶላር ሲሰጥ፣ በአራት ዓመት የሚመረቁት ድርሻ ከ16 ወደ 21 በመቶ ገደማ ከፍ ብሏል። ከላይ በተነሣው የኔብራስካ ጥናትም በስድስት ዓመት ውስጥ የሚመረቁት በ8 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ጨምረዋል። ውጤቱ እውነተኛ ነው፤ ይሁን እንጂ ከእነዚህ ቁጥሮች በግልጽ እንደሚታየው ገንዘብ ብቻውን ሁሉንም አያስመርቅም።

የበለጠ ውጤት የታየው ገንዘቡ ከክትትል ጋር ሲጣመር ነው። የኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ በ2007 እ.ኤ.አ. በጀመረው አንድ ፕሮግራም ለተማሪዎቹ የጎደለ የትምህርት ክፍያቸውን ከመሸፈን በተጨማሪ የትራንስፖርት ካርድና መጽሐፍ ሰጥቶ፣ እያንዳንዱንም በቅርብ የሚከታተል አማካሪ መድቦለት ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ የጨረሱት ከፕሮግራሙ ተጠቃሚዎች 40 በመቶ ሲሆኑ፣ ፕሮግራሙን ካላገኙ መሰሎቻቸው ግን 22 በመቶ ብቻ ነበሩ። የትራንስፖርት ካርዱን ልብ ይሏል፤ ከማራኪ ወደ ፒያሳ እየተመላለሰ የሚማር የማታ ተማሪ ትርጉሙን ያውቀዋል።

የአገራችን ሁኔታ ከእነዚህ ቦታዎች እንደሚለይ ግልጽ ነው፤ የእኛ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በዶርም ይኖራል፣ በአብዛኛው የሙሉ ቀን ተማሪ ነው። አሠራሩ ግን አንድ ነው። ድጋፉ የሚሠራው ተማሪው ለሥራ የሚያውለውን ሰዓት ለጥናት ሲመልስለትና ሲቸግረው የሚደውልለት ሰው ሲኖረው ነው።

ተማሪ ትምህርቱን የሚያቋርጠው በየትኛው ጊዜ ነው?

ብዙ ለጋሽ አንደኛ ዓመት ላይ ይመስለዋል፤ በዚህም ምክንያት አዲስ ገቢ ተማሪዎችን ይመርጣል። አንደኛ ዓመት በውጤት ምክንያት የሚሰናበት መኖሩ እውነት ነው። በገንዘብ እጦት የሚያቋርጠው ግን ዘግየት ብሎ ነው፤ ሁለት ዓመት በብድርና በዘመድ እርዳታ ገፍቶ፣ አበዳሪም ዘመድም ሲደክም፣ ሦስተኛውን ጀምሮ ወይም አራተኛው ሊጀመር ሲል ያቆማል። አሁን የቢዝነስ የመጀመሪያ ዲግሪ አራት ዓመት በመሆኑና ሰላም በጠፋበት ወቅት የትምህርት ካሌንደሩ እየተገፋ በመሄዱ፣ ሦስት ዓመት አስቦ የላከ ቤተሰብ አቅሙ መጨረሻው ሳይደርስ ያልቃል።

የወቅቱም ነገር አለ። ብዙ ወንድ ተማሪዎች ክረምቱን በአይከል በኩል ወደ መተማ ወርደው ወይም ሁመራ ተሻግረው በሰሊጥ እርሻ አረም ያርማሉ፤ የዓመቱን ወጪ የሚያገኙትም ከዚያ ነው። የተሻለ የሚከፈለው ግን በአጨዳው ጊዜ ነው፤ አጨዳው ደግሞ መስከረምና ጥቅምት ላይ ስለሚውል ከምዝገባ ጋር ይጋጫል። “ይህችን አጭጄ እመጣለሁ” ብሎ ምዝገባ ያሳለፈ ተማሪ አንድ ዓመት ያልፈዋል፤ ወባ ይዞት የተመለሰውም ሁለት። ሴት ተማሪዎች ላይ የሚመጣው ጫና ሌላ መልክ አለው፤ ቤት ሲቸገር ተመልሳ እንድትረዳ ወይም እንድታገባ የምትጠየቀው እርሷ ናት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የሚሰጥ ድጋፍ፣ መጠኑ ትንሽ ቢሆን እንኳ፣ እነዚህን ሁለቱንም ውሳኔዎች ሊያስቀይር ይችላል።

ስለዚህ ጥቂት ገንዘብ ያለው ለጋሽ አዲስ ገቢ ከመያዝ ይልቅ ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ላይ የደረሱትን ቢደግፍ በአንድ ብር የሚያስመርቀው ሰው ይበዛል። በአሜሪካ የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመመረቅ የተቃረቡና በጥቂት ዕዳ ምክንያት ከምዝገባ የሚሰረዙ ተማሪዎችን ፈልጎ ጉድለታቸውን ሲሞላላቸው የቆየው በዚሁ አስተሳሰብ ነው።

ውጤቴ ቢወርድ ወይም ዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቆሚያ ቅጽ) ብሞላ ድጋፉ ይቋረጣል?

በውሉ ላይ የተጻፈውን አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል። ለመመረቅ የሚያስፈልገው አጠቃላይ ነጥብ 2.00 ሲሆን፣ ለጋሾች ብዙውን ጊዜ ከዚያ ከፍ ያለ ወሰን ያስቀምጣሉ። ወሰኑ በአንድ ሴሚስተር ሲታጣ ድጋፉን ወዲያውኑ ማቋረጥ መጥፎ አሠራር ነው፤ ልጁ ይበልጥ በተቸገረበት ሰዓት እጅ መንሳት ስለሆነ። አንድ ሴሚስተር የማስጠንቀቂያ ጊዜ የሚሰጥ፣ በዚያም ጊዜ ድጋፉ የሚቀጥልበት ውል ይሻላል።

በሕመም፣ በወሊድ ወይም በጸጥታ ምክንያት ትምህርት ማቆም ግድ ከሆነ ተማሪው ዝም ብሎ መጥፋት የለበትም። በሬጅስትራር በኩል ዊዝድሮዋል ሞልቶ፣ የወረቀቱን ቅጂ ይዞ፣ ለለጋሹ ወይም ለአስተባባሪው በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ሳይሞላ የጠፋ ተማሪ መልሶ ለመግባትም፣ ድጋፉን ለማስቀጠልም ይቸገራል።

የመውጫ ፈተናውን ብወድቅስ?

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ፣ የመንግሥትም ሆነ የግል ተቋም ተማሪ ቢሆን፣ በመውጫ ፈተናው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ካላመጣ ዲግሪ አይሰጠውም። ደግሞ መፈተን ይፈቀዳል። ነገር ግን ኮርሱን የጨረሰ ተማሪ ዶርሙንና ካፌውን ለቆ ስለሚወጣ ለሁለተኛው ፈተና የሚዘጋጀው ያለ ቤት፣ ያለ ቤተ መጻሕፍትና ብዙ ጊዜ ሥራ እየሠራ ነው። አብዛኛው የድጋፍ ውል ደግሞ “እስከ አራተኛ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር” ይልና እዚያው ያበቃል። ውሉ “ዲግሪው እስኪያዝ” ተብሎ ተጽፎ ለአንድ ድጋሚ ፈተና የሚሆን ቤት ኪራይና የመፈተኛ ወጪ ቢያካትት ለጋሹ የአራት ዓመት ወጪውን ከኪሳራ ያድናል።

ሁለት ድጋፍ በአንድ ጊዜ መውሰድ ይቻላል?

ሁለቱም ለጋሾች ካወቁና አንዱ ክፍያን ሌላው የኪስ ወጪን የሚሸፍን ከሆነ ነውር የለበትም። መደበቅ ግን ሁለቱንም ያሳጣል።

በውጭ አገር የምኖር ለጋሽ ነኝ። በዶላር ቃል ልግባ ወይስ በብር? ቋሚ ፈንድ ማቋቋምስ ይሻላል?

የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ይፋዊ ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በወር 50 ዶላር ቃል የገባ ለጋሽ ተማሪ ከ2,850 ብር ወደ 5,000 ብር በላይ ሲሸጋገር፣ በወር 2,850 ብር ቃል የተገባለት ተማሪ ግን ዋጋው በጨመረ ገበያ ውስጥ በዚያው ብር ቀርቷል። ስለዚህ ቃሉ በዶላር ቢሆንና በባንክ ተመንዝሮ ለተማሪው በብር ቢደርሰው ተማሪው ይጠበቃል። በብር ቃል የሚገባ የአገር ውስጥ ለጋሽ በየዓመቱ መስከረም ላይ መጠኑን የሚከልስበት አንቀጽ በውሉ ቢያስገባ ጥሩ ነው።

ዋናውን ገንዘብ ባንክ አስቀምጦ በወለዱ ብቻ ተማሪ ማስተማር በሌሎች አገሮች የተለመደ ነው፤ በእኛ ሁኔታ ግን በጥንቃቄ መታየት አለበት። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ያስቀመጠው ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው። 1,000,000 ብር በዚህ ወለድ በዓመት 70,000 ብር ያስገኛል፤ የዋጋ ንረቱ በዓመት 25 በመቶ ከሆነ ግን በሦስት ዓመት ውስጥ የዕቃ ዋጋ ወደ እጥፍ ስለሚጠጋ ያ 70,000 ብር የሚገዛው መጀመሪያ ይገዛ ከነበረው ግማሹን ያህል ነው፤ ዋናው ገንዘብም እንዲሁ ይሟሽሻል። አንድ ሚሊዮኑን በአራት ዓመት ከፋፍሎ በርከት ያሉ ተማሪዎችን ማስመረቅ የለጋሹን ስም ለዘላለም አያቆይም፤ ተማሪዎቹን ግን ያስመርቃል። ቋሚ መሆን አለበት የሚል ካለ ገንዘቡን በባንክ ቁጠባ ከማኖር ይልቅ ኪራይ የሚያስገኝ ነገር ላይ ማዋልን ያስብበት።

ብዙ ሰው ሆኖ መስጠት ከተፈለገ በአንድ ግለሰብ ሒሳብ ከመሰብሰብ ይልቅ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በተመዘገበ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ወይም በራሱ በዩኒቨርሲቲው በኩል መሄድ ይሻላል። የአገር ውስጥ ድርጅት ለተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት የሰጠውን፣ ከግብር ከሚከፈልበት ገቢው 10 በመቶ ሳይበልጥ፣ በወጪነት ሊያስይዝ እንደሚችል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ይፈቅዳል፤ ዝርዝሩን ከሒሳብ ባለሙያው ጋር ይነጋገርበት።

ለጋሹ የተማሪውን ፎቶና የምስጋና ደብዳቤ መጠየቅ ይችላል?

የውጤት ሪፖርት መጠየቅ መብቱ ነው፤ ስቱደንት ኮፒ (የውጤት መግለጫ ወረቀት) በየሴሚስተሩ ቢላክለት ይበቃል። ቼክ በትልቁ ተሠርቶ ተማሪው በሰው ፊት ይዞ እንዲቆም፣ ፎቶውም በፌስቡክ እንዲለቀቅ መጠየቅ ግን ክብር የሚነካ ነው። ጎንደር ትንሽ ከተማ ነች፤ ፎቶው ከዶርም ጓደኞቹ ስልክ ላይ ሲገኝ የሚሰማውን ኀፍረት ፈርቶ ድጋፍ ሳይጠይቅ የሚቀር ተማሪ አለ። ተማሪው በራሱ ፈቃድ ደብዳቤ ቢጽፍ፣ ተመርቆም ለተተኪው ቢያዋጣ የተለየ ነገር ነው።

ለጋሹ ድንገት ቢያቆም ተማሪው ምን ይሆናል?

ይህ ከሁሉ የከፋው ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ድጋፍ አግኝቶ የተቋረጠበት ተማሪ ምንም ካላገኘው ይልቅ ሊጎዳ ይችላል። ድጋፉን ተማምኖ የማታ ሥራውን ለቋል፣ ቤተሰቡም “እርሱ ሰው አግኝቷል” ብሎ ፊቱን ወደ ታናናሾቹ አዙሯል።

አስተባባሪዎች ሊያደርጉ የሚችሉት አንድ ነገር አለ፤ የተያዙት ተማሪዎች እስኪመረቁ የሚያስፈልገው ገንዘብ በእጅ ወይም በተፈረመ ቃል ካልተረጋገጠ አዲስ ተማሪ አለመቀበል። አሥር ተማሪ ይዞ አምስቱን ከመጣል አምስት ይዞ አምስቱንም ማድረስ ይሻላል፤ በሪፖርት ላይ ግን አሥሩ የበለጠ ስለሚያምር ይህ ውሳኔ ለብዙ ማኅበር ይከብዳል። ገንዘቡ በእርግጥ ካነሰና መምረጥ ግድ ከሆነ ቅድሚያው ለመመረቅ ለተቃረበው ይሁን፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለው ሌላ ለጋሽ ለመፈለግ ጊዜ አለው። ተማሪውም በበኩሉ የማቋረጥ ወሬ እንደሰማ ሴሚስተሩ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ወደ ተማሪዎች አገልግሎት ቢሮ ሄዶ ጉዳዩን በጽሑፍ ያቅርብ፤ የግል ኮሌጅ ተማሪ ከሆነ ደግሞ ቀሪው ክፍያ በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲከፈል ከፈተናው ሳምንት በፊት ከኮሌጁ ጋር ይስማማ።